ቁርኣን የቀራ፣ ፊደል ያልቆጠረ፦ የጎልማሶች ትምህርት በእንጅባራና በዳንግላ

በአዊ ዞን ከተሞች ስናስተምር በነበርንበት ጊዜ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ክፍላችን የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ። ቁርኣንን በልጅነታቸው አኽትመዋል። በረመዳን ሙስሐፋቸውን ከፍተው ሲቀሩ ያዳመጣቸው ሁሉ ይደሰት ነበር። ቀበሌ ሲሄዱ ግን የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነው። አንድ ቀን መዝጋቢው ቅጹ ላይ «ማንበብና መጻፍ የማይችል» በሚለው ቦታ ምልክት አደረገባቸው። እርሳቸው አላወቁም፤ ቤት ሲገቡ ያነበበላቸው ልጃቸው ነው። በማግስቱ ክፍል መጥተው «እኔ እኮ እቀራለሁ!» አሉን።

እውነታቸውን ነው። መዝጋቢውም አልዋሸም። በኛ ሀገር ቆጠራ «ማንበብ» ሲባል በአብዛኛው ፊደልን ማንበብ ማለት ነው፤ ሐርፍ ለይቶ፣ ሐረካ አውቆ፣ ሙስሐፍ የሚቀራ ሰው በዚያ ሳጥን ውስጥ ቦታ የለውም። በእንጅባራም በዳንግላም እንዲህ ያሉ ወንድሞችና እህቶች፣ አባቶችና እናቶች አሉ። ይህ ጽሑፍ ስለነሱ ነው፤ የጎልማሶች ትምህርት በአካባቢው ከየት እንደመጣ፣ ዛሬ በምን መልኩ እንደሚሰጥ፣ ቁርኣን የቀራ ሰው ወደ ፊደል ሲሻገር ምን እንደሚቀለውና ምን እንደሚያደናግረው እንመለከታለን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። «መሃይም» የሚለውን ቃል እዚህ አንጠቀምበትም። ቃሉ በየመዝገቡና በየንግግሩ የኖረ ቢሆንም ጎልማሳ ተማሪ ፊት ሲነገር ምን እንደሚያደርግ ያየ መምህር ደግሞ አይለውም።

አካባቢው

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በአማራ ክልል፣ በቀድሞው ጎጃም ውስጥ ይገኛል። ዋና ከተማው እንጅባራ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ዳንግላም በዚያው መንገድ ወደ ባሕር ዳር ጠጋ ብላ ትገኛለች። ደጋ ነው፤ ብርዱ ይታወቃል፣ ክረምቱም ረጅም ነው። ድንችና ገብስ፣ ቀርከሃ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍና ከሱ የሚከሰለው ከሰል የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ናቸው። የብሔረሰቡ ቋንቋ አዊኛ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ ከአማርኛ ጋር ጎን ለጎን ይነገራል።

ሙስሊሙ በዞኑ ቁጥሩ አነስተኛ ሲሆን ይበልጡ የሚኖረው በከተሞች ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ሙስሊሙ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በአብዛኛው የርስት ባለቤት መሆን አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ኑሮውን በንግድና በሽመና ላይ መሠረተ። ነጋዴ ደግሞ ሒሳብ ያውቃል። የስንት ሰው ዱቤ፣ የስንት ኩንታል ዋጋ በጭንቅላቱ ይዞ የሚዞር ሰው በየገበያው ነበር፣ ዛሬም አለ። ለልጁ የሚያስተምረውም በቅርቡ ያለውን ነው፤ ቁርኣንን። መንግሥት ትምህርት ቤት ዘግይቶ ደረሰ፣ ከደረሰም በኋላ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ያስፈልግ ነበር።

የ1971ዱ ዘመቻ

ሽማግሌዎቻችን «መሠረተ ትምህርት» ሲባል የሚያስታውሱት አንድ ነገር ነው። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጀመረ። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚለው መፈክር በየቀበሌው ተለጠፈ። ተማሪዎች፣ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ወደየገጠሩ ተሰማሩ፤ ጎልማሳው ከሥራ መልስ በኩራዝና በፋኖስ ብርሃን ፊደል ቆጠረ። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በየዓመቱ ከሚሰጣቸው የመሠረተ ትምህርት ሽልማቶች አንዱን አግኝቷል።

ሥራው ትልቅ ነበር፤ መመስገን አለበት። ሆኖም ለአዊ አንባቢ ሊጠቀስ የሚገባው ሌላ ገጽም አለው። ትምህርቱ የተሰጠው በ15 ቋንቋዎች ነው፤ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛና ሶማልኛ ቀዳሚዎቹ ነበሩ፤ ስልጢኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ሲዳምኛ፣ ጌዴኦኛ፣ አፋርኛ፣ ሳሆኛና ሌሎችም ተከተሉ። አዊኛ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ቤቷ ውስጥ አዊኛ ብቻ የምትናገር እናት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተጫነባት፦ ፊደሉንም ቋንቋውንም። እንዲህ ያለ ሰው የምስክር ወረቀት ቢያገኝ እንኳ ዕውቀቱ ብዙ አይቆይም።

አለመቆየቱ በአዊ ብቻ የታየ አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ 63 በመቶ ደርሷል ብሎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ግን ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከሩብ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ከፊሉ ልዩነት የመጀመሪያው ቁጥር ከመጋነኑ የመጣ ነው። ከፊሉ ደግሞ ሰዉ ፊደሉን ስለረሳ ነው። የሚነበብ ነገር በሌለበት ቤት ፊደል በሁለትና በሦስት ክረምት ይጠፋል።

አሁን ያለው ፕሮግራም

ዛሬ በመንግሥት በኩል የሚሰጠው «የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» ይባላል። ብሔራዊ ስትራቴጂው በ2000 ዓ.ም. ወጣ፤ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 60 ለሆኑ የታሰበ የሁለት ዓመት ትምህርት ሲሆን የሚያስተምረው ሰው «አመቻች» ይባላል። «የተቀናጀ» የተባለው ንባብን፣ ጽሕፈትንና ሒሳብን ከግብርና፣ ከጤናና ከገቢ ማግኛ ሥራ ጋር አጣምሮ ስለሚያስተምር ነው። ተማሪው «ማዳበሪያ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ስለ ማዳበሪያውም ይወያያል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ክፍሉ ግን እንደ ቀበሌው ይለያያል። መዝገቡ ላይ ሠላሳ ስም ተጽፎ ክፍል ውስጥ ሰባት ሰው ያገኘንበት ጊዜ አለ። አመቻቹ የሚከፈለው ጥቂት ነው፣ እሱም ይዘገያል። የግብርና ወይም የጤና ባለሙያው ሌላ ሥራ ሲበዛበት በመጀመሪያ የሚቀረው ይህ ክፍል ነው።

ችግሩ አሁንም ሰፊ ነው። የዩኔስኮ አኃዝ እንደሚያሳየው በ2017 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ጎልማሶች ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 52 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከወንዶች 59፣ ከሴቶች 44 በመቶ።

ከሐርፍ ወደ ፊደል

አሁን ወደ እኚያ አባት እንመለስ። ቁርኣን የቀራ ሰው ከባዶ አይጀምርም፤ ይህን የማያውቅ አመቻች ሁለቱንም ጊዜ ያባክናል። ምልክት ድምፅ እንደሚወክል፣ ምልክቶች ሲያያዙ ቃል እንደሚሆኑ፣ ዓይን መስመርን ተከትሎ እንደሚሄድ ያውቃል። በለውሕ ላይ የጻፈ ከሆነ ደግሞ እጁም ብዕር ለምዷል። ፊደል የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው እነዚህን ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል። በእኛ ክፍል ቁርኣን የቀሩት በሦስት ወር ገደማ አጫጭር ዐረፍተ ነገር ሲያነቡ አይተናል፤ አጠገባቸው የተቀመጡት ግን ዓመቱን በሙሉ ፈልገዋል።

ትልቁ እገዛ ሐረካ ነው። የፊደል ገበታ 33 ረድፍና 7 ዓምድ አለው፤ 231 ምልክት ማለት ነው። ይህ ቁጥር ጎልማሳን ያስደነግጣል። ሐረካ ለሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ ይነገራል፦ ካዕብ ዶማ ነው፣ «በ»ን «ቡ» ያደርጋል። ሣልስ ከስራ ነው፣ «ቢ»። ሳድስ ሱኩን ነው፣ «ብ»። ፈትሓ ወደ ግዕዙ «በ» ይጠጋል፤ ፈትሓው በአሊፍ ከተሳበ ራብዑ «ባ» ነው። ልዩነቱ ዐረቦቹ ሐረካውን ከላይና ከታች ሲያስቀምጡት እኛ ከፊደሉ አካል ጋር መቀጠላችን ነው። ይህ ከገባው በኋላ 231ዱ ምልክት ወደ 33 ይወርድለታል። ዐረብኛ የሌለው ኃምስና ሳብዕ፣ «ቤ» እና «ቦ»፣ ይቀራሉ፤ እነሱን በመጨረሻ «ቤት» እና «ዳቦ» በሚሉት ቃላት ማስተማር ይበቃል። ሳድስ አንዳንዴ እንደ «ብር» የመጀመሪያ ፊደል ትንሽ ድምፅ ስለሚያወጣ ሱኩን ነው ያልነው ተማሪ ይሟገተናል። ቢሟገት ደስ ይበለን፤ ሰምቷል ማለት ነው።

ሌላው ጥቅም የሚገርም ነው። የአማርኛ መምህራን ሁሉ የሚያማርሩባቸው ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት አሉ፤ ሀና ሐ፣ አና ዐ። ቁርኣን የቀራ ሰው የእነዚህን ልዩነት ከማናችንም በላይ ያውቃል። «ሐሰን» በሐ፣ «ዑመር» በዐ እንደሚጻፍ አንዴ ከተነገረው አይስትም። ዐረብኛ የሌላቸው ገ፣ ቸ፣ ጨ፣ ኘ፣ ጰ፣ ፐ እና ቨ ደግሞ ለብቻቸው ይጠናሉ።

የሚያደናግረውስ? ሦስት ነገር አይተናል። አንደኛው አቅጣጫ ነው፤ ከቀኝ ለጀመረ ዓይን ከግራ መጀመር እንግዳ ነው። ይህ በሁለት ሳምንት ይለቃል።

ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ መምህራን ብዙም አያስተውሉትም። በብዙ ሙስሐፎች የአያት ቁጥሮች የተጻፉት በምሥራቅ ዐረብ አኃዝ ነው። በዚያ አኃዝ አምስት ክብ ናት፤ የኛን 0 ትመስላለች። ስድስት የኛን 7 ትመስላለች። ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ናት። ስለዚህ ቁርኣን የሚቀራ ነጋዴ 50 ብር የሚል ደረሰኝ ሲያይ ሊሳሳት ይችላል፣ ሲሳሳትም ሰዉ «ቁጥር እንኳ አያውቅም» ይላል። ያውቃል፤ የሚያውቀው ሌላውን ቁጥር ነው። ሁለቱን አኃዝ ጎን ለጎን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማሳየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ዐረብኛ የማያውቅ ሰው ቁርኣን ሲቀራ ድምፁን በትክክል ያወጣል እንጂ ትርጉሙ ከድምፁ ውስጥ ብቅ ይልልኛል ብሎ አይጠብቅም። ይህንኑ ልማድ ወደ አማርኛው ይዞት ይመጣል። «በ-ር-በ-ሬ» ብሎ አሳምሮ ያነብና ምን እንዳለ ስንጠይቀው ዝም ይላል። በርበሬ እየሸጠ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ነው! ያነበበው የራሱ ንግግር መሆኑ የገባው ቀን ፊቱ ይለወጣል። አዊኛ ተናጋሪ ለሆነ ደግሞ ቃሉ መጀመሪያ በአዊኛ ቢነገረው ይሻላል። አዊኛም ዛሬ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ የሚጻፈውም በዚሁ ፊደል ጥቂት ተጨማሪ ምልክቶች ታክለውበት ነው። አንዱን የተማረ ሌላውን ለማንበብ ሩቅ አይሆንም።

«ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አላነበቡም»

ጎልማሶች እንዲማሩ ስንጋብዝ ይህን መልስ የሚሰጡን አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኡሚይ መሆናቸው የነቢይነታቸው ማስረጃ ነው፤ ለእኛ ስንፍና ማስረጃ አይሆንም። እርሳቸው ጸሐፊዎች ነበሯቸው። ከነሱ አንዱ ዘይድ ቢን ሣቢት (ረ.ዐ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር ባዘዙት ጊዜ በግማሽ ወር ገደማ እንደተማረው ቲርሚዚ ዘግበዋል። ሌላ ሕዝብ የሚጠቀምበትን ፊደል መማር ሱንናው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ከበድር ምርኮኞች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ያልነበራቸው የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት በማስተማር ነፃ እንደወጡ በአሕመድ ሙስነድ ተዘግቧል፤ አስተማሪዎቹ ሙስሊሞች እንዳልነበሩ ልብ ይሏል። ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ሐፍሳን (ረ.ዐ) ጽሕፈት ማስተማራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ሐፍሳ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ናቸው።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ አል-በቀራ 282፣ የሚናገረው ዕዳን ስለመጻፍ ነው። ይህን አንቀጽ በቃሉ የያዘ ነጋዴ ዱቤውን የሚያስጽፈው በጎረቤት ልጅ መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

አሻራ የሚያስከፍለው

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ ይወጣል። ለሴቶች ትልቅ መብት ነው። መሬት ሲከራይ ግን ውል ይጻፋል፤ ውሉ ላይ ዓመቱ ሁለት ይሁን አሥር አሻራዋን የምታሳርፈው መበለት አታውቅም። የነገሯትን ታምናለች። ሲከራከሩ ፍርድ ቤት የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ስልክ አለ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብን እጃችን ላይ ባለው ስልክ አስገባው። ማንበብ የማይችል ሰው ስልኩን ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ከስልኩ ጋር የምስጢር ቁጥሩንም ይናገራል። ከወለድ ነፃ አገልግሎት ፈልጎ ባንክ የሚሄድ ሙስሊምም የሙራበሓ ውል ይቀርብለታል፤ ስንት ገጽ ነው? ከወለድ ለመሸሽ የመጣ ሰው ያላነበበውን ይፈርማል። የልጅ ክትባት ካርድ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የከሰል ማዳበሪያ ቆጠራ ሁሉ እንዲሁ ነው።

እናቶቻችን ላይ ይህ ይብሳል። ብዙዎቹ ከቁርኣን ቤትም ቶሎ ወጥተዋል፤ እህት ለመጠበቅ፣ ወይም ተድረው። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርነው የሐረካ እገዛ ለነሱ ያነሰ ነው፤ ከወንዶቹ ጋር በአንድ ክፍል ሲቀመጡ ወደኋላ የሚቀሩት በዚህ ነው፣ በአእምሮ አይደለም። ክፍላቸው ለብቻ ቢሆንና ሴት መምህርት ብትኖራቸው ይመረጣል። መምህርት ከጠፋች አሥረኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ትበቃለች፤ ልጅ እናቷን ስታስተምር ማፈር አለ የሚሉ አሉ፣ እኛ ያየነው ግን ሌላ ነው።

ክፍል ለመክፈት

ከሁሉ የሚጠፋው ሰዓት እንጂ ገንዘብ አይደለም። ለወንዶች ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፣ በሳምንት ሦስት ቀን። የገበያ ቀን ክፍል መክፈት ልፋት ነው። ገጠር ከሆነ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እርሻ የማይሠሩባቸው የወሩ በዓላት አሉ፤ በነዚያ ቀናት መንደሩ ሁሉ ከማሳ ስለሚያርፍ ሁለቱም ወገን አብሮ ሊማር ይችላል። በረመዳን ሰዓቱ ይቀየር እንጂ ክፍሉ አይዘጋ፤ ለአንድ ወር የተዘጋ ክፍል ከዒድ በኋላ ሲከፈት ግማሹ ሰው የለም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የመምህር ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ የክረምቱ ትምህርት ጽሕፈት ላይ ቢያተኩር ይመረጣል።

ቦታው የመድረሳ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ደብተር ይበቃል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለወረዳው ወይም ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ግን ይገባል። የመማሪያ መጽሐፍ የሚገኘው፣ ሲጨርሱም እውቅና ያለው ወረቀት የሚሰጠው በሱ በኩል ነው። በገዛ ፈቃዳችን ብቻ የተከፈቱ ክፍሎች መምህሩ ሲዛወር አብረው ይዘጋሉ።

የሚነበበውስ? ብዙ ጊዜ ፊደሉን እንደለየ ሰው የሚሰጠው የቁርኣን አማርኛ ትርጉም ነው። በሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብና በሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅ ተተርጉሞ በ1961 ዓ.ም. የታተመው ትርጉም ትልቅ ሥራ ነው፤ ለጀማሪ ግን አማርኛው ይከብዳል። ተማሪው በራሱ ጥፋት አስመስሎ ይተወዋል። ከዚያ በፊት ደረሰኝ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የልጁን የክፍል ደብተር፣ የእድር መዝገብ ቢያነብ ይሻላል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ልጆች በማይማሩበት ወቅት ስለ ጎልማሶች መናገር ቅንጦት ይመስላል። ይሁንና ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀበሌ ልጁን ቤት ውስጥ ፊደል ማስያዝ የቻለው ራሱ የተማረ ወላጅ ነው፤ ያልቻለው ደግሞ መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል።

እኚያ አባት ክፍሉን እስከ መጨረሻው ተከታትለዋል። የዱቤ ደብተራቸውን ዛሬ የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው፤ አሳይተውናል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙም ብሩም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የተጻፈው። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ከግራ ነው።